ጨው የበላው የፍሬን ቱቦ፦ ከእጃጂ እስከ አምቦ

ሐሙስ፣ እጃጂ፣ ጎህ ሲቀድ

የንጋቱ ሶላት እንዳለቀ ተነሳን። ኅዳር ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰው ጤፍ ጤዛ ከብዶት ተኝቷል፤ የበቆሎ አገዳ የጫኑ የአህያ ጋሪዎች ከእኛ ቀድመው ወጥተዋል። እናቴ ዘይነባ መሪውን ይዛለች። አባቴ ከድር ከጎኗ ተቀምጧል፤ እኔ ከኋላ፣ በባዶ የጨው ጆንያዎች መካከል ነኝ።

ጉደር ላይ ላለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን መጽሔት የጉዞ ማስታወሻ እንድጽፍ ስጠየቅ ስለ ጉደር ፏፏቴ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አዘጋጆቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ጉዞ ፏፏቴውን አላየሁትም፤ በደንብ ያየሁት የአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ሆድ ነው። እርሱንም ቢሆን የቻልኩትን ያህል በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ።

መኪናችንን ከእጃጂ እስከ ጌዶ ያለ ገበያተኛ ሁሉ ያውቃታል። «ሶጊዳ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ ጨው ማለት ነው። አያቴ ከስልጤ አገር መጥቶ እጃጂ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ቤታችን የሚተዳደረው በጨው ነው። አባቴ በዚህች መኪና ለሰውም ለከብትም የሚሆን ጨው ለገጠር ገበያዎች ሲያደርስ ኖሯል። ዘንድሮ ግን ዓይኑን ሞራ ጋረደው። እናቴ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ያን ጊዜ አስተያየት ያልነበረው ሰው አልነበረም። «ዘይነባ እስካሁን ጨው ስትሸጥ ኖረች፣ አሁን ደግሞ መንገድ ለመንገድ ልትበትነው ነው» ያለም አልጠፋም።

የአባቴም ልብ አላመነም። አምቦ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጡት ለጓደኛው ለጋሽ ሸምሱ ቃል ሰጠ። መኪናዋ እስከ አርብ በራሷ ጎማ አምቦ ገብታ ዓመታዊ ምርመራውን ካለፈች እናቴ ትነዳታለች። ካላለፈች ጋሽ ሸምሱ ይገዟትና ፈታትተው በየዕቃው ይሸጧታል። ቃሉ የተሰጠው በሽማግሌዎች ፊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። በእኛ ነጋዴዎች ዘንድ እንዲህ የተሰጠ ቃል አይመለስም።

እናቴ ከግቢ ሳትወጣ ፍሬኑን ደጋግማ ረገጠች።

«ይሰምጣል» አለች።

«ማርሽ አለልሽ አይደል?» አለ አባቴ። «እኔ በዚህ መንገድ በፍሬን ነድቼ አላውቅም። ፍሬን የፈሪ ነው።»

ይህ የአባቴ ብቻ አባባል አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ያረጀ ሹፌር ሁሉ የሚኮራው ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ፣ በማርሽ ብቻ በመውረዱ ነው። ፍሬን የሚያበዛ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ይሳቅበታል።

«እንግዲያው እኔ ፈሪ ነኝ» አለች እናቴ። ሞተሩን አስነሳች።

ሐሙስ፣ ጌዶ፣ ረፋድ

ከእጃጂ ወደ ጌዶ መንገዱ ይወጣል፤ ሽቅብ ላይ ደግሞ ፍሬን ብዙም አይፈለግም። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። የማንጎ ዛፎቹ አለቁና ባሕር ዛፍ ጀመረ፤ ከባሕር ዛፉ በኋላ ጉም። አባቴ መንገዱ ባይታየውም ሞተሩን ያዳምጣል። «ሁለተኛ» ይላል እናቴ ገና እጇን ወደ ማርሹ ስትልክ። «አድርጌዋለሁ» ትላለች። «ሰምቻለሁ» ይላል። እንዲህ እየተባባሉ ጌዶ መግቢያ ደረስን።

እዚያ ጭድ የተጫነች አህያ መንገዱን ልታቋርጥ ወጣች። እናቴ ረገጠች። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ሶጊዳ ግን አልያዘችም። እናቴ ማርሽ ቀንሳ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና መሪውን ወደ ጠጠር ክምር አዞረችው። ጠጠሩ ውስጥ ገብተን ቆምን። አህያዋ ዞር ብላም አላየችን።

ሰው ተሰበሰበ። የአህያዋ ባለቤት፣ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ፣ በእርጋታ «ሴት ስትነዳ እንዲህ ነው» አለ።

«ሴት ስትነዳ ቆመች» አለችው እናቴ። «አህያህን እያት፤ ጭዷም አልፈሰሰ።»

ከኋላ ጎማው አጠገብ መሬቱ ረጥቧል፤ የፍሬን ዘይት ነበር። በማርሽ እየተንፏቀቅን የኦቦ ቶሌራ ጋራዥ ገባን። ጋራዥ ሲባል በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ግቢ ነው፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፣ መሀሉ ላይ ሰው ቆሞ ከመኪና ሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ኦቦ ቶሌራ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ወሬ የሚወድ መካኒክ ነው። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ሶጊዳ ዛሬ እንባዋን እያፈሰሰች መጣች» አለና የእጅ ባትሪውን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ «ኢንታላ፣ አንቺ ተማሪዋ፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ።

ወረድኩ። የፍሬን ቱቦ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም። ከፊት ተነስቶ የመኪናዋን አካል በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው፣ ጎን ይመጣና የኋላው አክስል ላይ ሲደርስ ለቀኝና ለግራ ጎማ ይከፈላል። ሹፌሩ ሲረግጥ ዘይቱ በዚህ ቱቦ ተገፍቶ ጎማውን ያስይዛል። የእኛ ቱቦ ግን ቱቦ መሆኑ ቀርቷል። ኦቦ ቶሌራ በጥፍሩ ሲነካው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከወለሉ ስንጥቅ የወረደ ጨው ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አልብሶታል።

«ከላይ ጨው ይፈስሳል፣ ከታች ብረት ይበላል» አለ።

«ጨው ሥጋ ያቆያል እንጂ ብረት አይበላም» አለ አባቴ ከላይ ሆኖ።

«ኦቦ ከድር፣ ይሄ ቱቦ ነው እንጂ ቋንጣ አይደለም።»

እናቴ እንኳ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ኦቦ ቶሌራ ባትሪውን ወደ ቀኝ ጎማ አዙሮ «ይሄንንስ ማን ዘጋው?» አለ። ወደ ቀኝ የሚሄደው ቱቦ መሀሉ ላይ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጥፏል። በዚያ በኩል አንድ ጠብታ ዘይት አያልፍም።

አባቴ «እኔ ነኝ» አለ። «ያንጠባጥብ ነበር። አንዱ ጎማ ባይዝ ሦስቱ ይበቃሉ።»

«መቼ ነው የዘጋኸው?» አለች እናቴ።

«ሦስት ክረምት ቢሆነው ነው።»

«ለዒድ ልጆቹን ሁሉ ጭነን ወደ አምቦ ስንወርድ ተዘግቶ ነበር?»

«በማርሽ ነው የወረድኩት፣ ዘይነባ።»

እናቴ ሻሿን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች። ስትናደድ የምታደርገው ይህንን ነው። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ «ዋናውንም፣ የግራውንም፣ የቀኙንም አውጣቸው» አለች።

«አዴ ዘይነባ፣ ምን አደከመሽ?» አለ ኦቦ ቶሌራ። ፒንሳውን አነሳ። «የኋላውን ጠቅላላ አጥፌ ልዝጋልሽ። የፊቱ ብቻውን ያቆማል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሰው ስንቱ እንዲህ ነው መሰለሽ። መርማሪው እንደሆነ ከሥር አይገባም።»

«መርማሪው ባይገባ ቁልቁለቱ አለ።»

«የጉደርን ቁልቁለት ስንቱ በዚህ ወርዶታል።»

«ሳይወርዱ የቀሩትን ማን ጠየቃቸው?»

ኦቦ ቶሌራ ፒንሳውን አስቀመጠ። አዲስ ቱቦ ጌዶ ውስጥ አልነበረም፤ አምቦ ላይ ያለው ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ጋ ነው። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ሐሙስ፣ አምቦ፣ ከቀትር በኋላ

ርዝመቱን በሲባጎ ለክተን፣ ከአሮጌው ቱቦ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወረድኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው። ከጌዶ ወጥተን መንገዱ ወደ ታች ሲያዘነብል ማርሹን አወጣና ለቀቃት፤ ነዳጅ ይቆጥባል አሉ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ዶሮ በቅርጫት ይዘዋል። «ልጄ፣ ዶሮዋ ፈራች» አሉት። «ዶሮ ድሮም ፈሪ ናት፣ እማማ» አላቸው። «እኔም ከእሷ ጋር ነኝ» አሉ እናትየዋ። ቅርጫቱን እቅፍ አደረጉ። በየኩርባው ቀኝ እግሬ ወለሉን ሲጫን ይታወቀኝ ነበር። የጉደርን ድልድይ አልፈን ሜዳ ላይ ስንደርስ ነው ዘና ያልኩት።

የጋሽ ሸምሱ ሱቅ እስከ ጣሪያው ድረስ የሞተር ቀበቶ፣ የፍሬን ሸራና ማጣሪያ ነው። ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ቁራጩን ከፌስታሉ አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«ለማን ነው?»

«ለሶጊዳ።»

«ለሬሳ መድኃኒት ልትገዢ መጣሽ?»

«አልሞተችም፣ ጋሽ ሸምሱ። ጌዶ ላይ ታማ ነው።»

ሳቁ። ከመደርደሪያ ሥር የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ አወጡ። «ይሄ የፍሪጅ ነው። ለስላሳ ነው፣ መካኒክሽ ሳይለፋ በእጁ ያጥፈዋል። ሁሉም ይሄን ነው የሚወስደው።» መልካም መስሎኝ ነበር፤ ግን ሳልጠይቅ መግዛት ፈራሁና ለእናቴ ደወልኩ።

«በእጅ የሚታጠፍ ከሆነ በእግርም ይፈነዳል» አለች። «የብረቱን ይስጡሽ።»

ጋሽ ሸምሱ ሰምተዋል። ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ዘይነባ፣ የብረቱንም ብትወስጂ ነገ ያው የኔው ናት። ቱቦውን መልሼ ፈትቼ እሸጠዋለሁ።»

«ነገ እንገናኝ» አለችና ዘጋችው።

መሰላል ላይ ወጥተው የብረቱን አወረዱልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጫፎቹ ላይ የሚገቡትን ማሰሪያ ዳዶዎች አንድ በአንድ እያሰሩና እየፈቱ ሞክረው ነው የሰጡኝ። መኪናዋን ቢፈልጓትም የተበላሸ ዕቃ አይሸጡም።

አርብ፣ ጌዶ፣ ጠዋት

ጌዶ ላይ እናቴ ጨው የምትሸጥላት ደንበኛ ቤት አደርን። ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በልተን ጋራዥ ስንደርስ ኦቦ ቶሌራ ሥራ ጀምሯል። አዲሱን ቱቦ ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ፣ የአሮጌውን መታጠፊያ እየተከተለ «ሱታ፣ ሱታ» እያለ ለራሱ ይናገራል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ቸኩሎ ያጠፈው ቱቦ ውስጡ ይሰበራል። ዳዶውን አስገብቶ የቱቦውን ጫፍ በማስፊያው እንደ ጡሩምባ አፍ ከፈተው። የመጀመሪያው ጫፍ ትንሽ ተሰነጠቀበት።

«ይበቃል፣ ዳዶው ሲጠብቅ ይይዘዋል» አለ።

«ድገመው» አለች እናቴ።

«አዴ ዘይነባ፣ አንቺ ለአምቦ ነው ወይስ ለሰማይ ቤት ምርመራ የምትዘጋጂው?»

«ሁለቱም አንድ ቀን እንዳይሆኑብኝ ነው። ድገመው።»

ቆርጦ ደገመው። እስከዚያ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ከሻንሲው ላይ የተጋገረውን ጨው በብሩሽና በውሃ አጠብኩ፤ ከዚያ እናቴ የወለሉን ስንጥቅ ደፈነች፣ ላዩንም ወፍራም ላስቲክ አነጠፈችበት። ቱቦዎቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ አንድ ሥራ ቀረ። ቱቦው ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት። አንድ ሰው ከላይ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መካኒኩ ከሥር በጎማው በኩል አየሩን ያስወጣል። ልገባ በሩን ስከፍት አባቴ «ተይ፣ ለእኔ ተዪው» አለ።

ከታመመ ወዲህ በሹፌሩ ወንበር ሲቀመጥ አላየሁትም። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የሚሄድበት የለም፣ ዓይኑም አያይለትም፣ ግን ያዘው።

«ርገጥ» አለ ኦቦ ቶሌራ ከሥር። «ደግመህ ርገጥ። ያዝ።» ዘይቱ ከአረፋ ጋር ሲፈስ ይሰማል። «ልቀቅ። ርገጥ። ያዝ። ኦቦ ከድር ፍሬን ሲረግጥ በሕይወቴ አየሁ። ፈራህ እንዴ?»

«አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

በቀኝ ጎማ በኩል ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ አረፋው ቆመ። ኦቦ ቶሌራ አጥብቆ አሰረውና «ጨረስን፣ ልቀቅ» አለ። አባቴ ግን አለቀቀም። እግሩን እንደጫነ ቆየ።

«ጠነከረ» አለ በቀስታ። «ዘይነባ፣ ድንጋይ ሆኗል።»

«እንዲያ ነው መሆን የነበረበት» አለች እናቴ። «ና ውረድ፣ ይመሽብናል።»

አርብ፣ የጉደር ቁልቁለት

ትናንት በሚኒባስ የወረድኩበት መንገድ ዛሬ ሌላ መንገድ ነው። እናቴ ማርሽ ትቀንሳለች፣ ከኩርባው በፊት ፍሬን ትይዛለች፣ ቀና ሲል ትለቃለች። ከታች በአውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ የጤፉ ገለባ በነፋስ ሲነሳ ከሩቅ ጭስ ይመስላል። ከኋላችን በቆሎ የጫነ መኪና ክላክሱን ለቀቀው። ቦታ ሲያገኝ ከጎናችን መጣና ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እናት፣ መንገዱ ያንቺ ነው?»

«እስክወርደው ድረስ» አለችው።

አልፎን ሄደ። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። አባቴ በየኩርባው ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል። ኩርባው ሲያልፍ ያነሳል፣ ሲመጣ ይጫናል። እናቴም አይታለች።

«ከድር» አለች መንገዱን እያየች፣ «እዚያ ጋ ፍሬን የለም። ፍሬኑ እኔ ጋ ነው።»

አባቴ እግሩን ሰበሰበ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳቀ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ከግማሽ መንገድ በኋላ ዳሩ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ከመንገዱ ወጣች፣ ረገጠች። ሶጊዳ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ አለች። እናቴ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች። የአባቴን እጅ ይዛ ወደ ኋላ ወሰደችው፤ ወደ ቀኙ ጎማ።

«ጠጋ አድርግ። እንዳትነካው፣ ጠጋ ብቻ።»

መዳፉን ወደ ብረቱ አስጠጋ። የሚሠራ ጎማ ፍሬን ሲይዝ ይሞቃል። ያ ጎማ ሦስት ክረምት ሙሉ ይህንን ቁልቁለት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲወርድ ኖሯል።

«ሞቋል» አለ አባቴ። እጁን ቶሎ አላነሳም። «በዚያ ዒድ» አለ፣ ከዚያ ተወው።

«ግባ» አለች እናቴ። ድንጋዩን አነሳች።

አርብ፣ አምቦ፣ ከጁምዓ በኋላ

የምርመራው ግቢ በር ላይ ጋሽ ሸምሱ ከሶላት መልስ ነጭ ለብሰው ቆመዋል። የመፍቻ ሣጥን የያዘ ሠራተኛም አስከትለዋል። «ላግዛችሁ ብዬ ነው» አሉ። እናቴ ሰላምታ ሰጥታቸው አለፈች።

መርማሪው ወደ አባቴ ዞሮ «አባት፣ ከዚያ ተነስተው እየመጡ ነጩ መስመር ላይ ያቁሙ» አለው።

«ሹፌሯ እሷ ናት» አለ አባቴ። መርማሪው ሲያመነታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት፤ ጋሽ ሸምሱም ሰሙ።

እናቴ ከግቢው ዳር ተነስታ መጣች፣ መስመሩ ላይ ቀጥ አለች። መርማሪው አስደገማት። ደገመችው። ከዚያ መርማሪው፣ ኦቦ ቶሌራ አይገባም ያለበት ቦታ ገባ፤ ጃኬቱን አውልቆ ከሥር ተኛ፣ በባትሪ አየ፣ ቱቦውን በእጁ ተከተለ። ሲወጣ «ከሥር እንዲህ የታጠበ የጨው መኪና አይቼ አላውቅም» አለና ወረቀቱን ፈረመ።

ጋሽ ሸምሱ ሠራተኛቸውን በእጅ ምልክት መለሱት። «ቃል ቃል ነው» አሉ፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ግን ቱቦው ከኔ ሱቅ ነው፤ ግማሹ ድል የኔ ነው።»

«የፍሪጁን ወስደን ቢሆን ሙሉው ያንተ ነበር» አለች እናቴ።

አባቴ ከሁሉም በላይ የሳቀው በዚህ ነው።

ሲመለሱ ጉደር ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር አጠገብ አወረዱኝ። እናቴ ከጆንያዎቹ መካከል የረሳሁትን ደብተሬን አቀበለችኝ። አባቴ «በደንብ አጥኚ» አለኝ፤ ጥቂት ቆይቶ «የመኪናዋንም ነገር ስትጽፊ የቀኙን ጎማ አትደብቂ» አለ። እንደታዘዝኩት አልደበቅኩም።

መንገዱ ዳር ቆሜ አየኋቸው። የአባቴ እጅ በመስኮቱ ወጥቶ ነበር። የመንገዱ ጉብታ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ የኋላ የፍሬን መብራቶች ቀልተው በሩ፤ ሶጊዳ ጉብታውን ቀስ ብላ ተሻገረች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰውም ከብትም አልነበረበትም። መብራቶቹ ግን እንደገና በሩ። ጥቂት ሄደው እንደገና በሩ።